ልጄ አፏን የፈታችበት ቃል

ስልኩን ለልጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እናቷ አይደለችም። ይህችን አጭር ነገር በአፌ ለማለት ከሁለት ዓመት በላይ ስለፈጀብኝ ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኋት፤ ከዚህ በታች ያለው እንዴት እንደፈጀብኝ ነው።

የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎች ታስረው የሚያድሩበት ቦታ ነው የምሠራው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ። ባለቤቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ እኔ ጧት ቤት ስገባ እሷ ትወጣለች። የምንገናኘው በሩ ላይ ነበር። ልጅቱን ከክንዷ ወደ ክንዴ ታሻግርና "ገንፎዋ ተሸፍኗል" ብላኝ ሰርቪሱ ሳያመልጣት ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በቤቱ ያለነው ልጅቱና እኔ ነን።

ቆሞ ያደረ ሰው ቀን ልጅ ይጠብቅ ማለት ቀልድ ነው ብዬ ለስንቱ አውርቻለሁ። እውነትም ቀልድ ነው። ግን ስንት እናት ቆማ አድራ ቀን ልጅ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ ምክንያት አይሆነኝም።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት ነው። ስተኛ እየዳኸች መጥታ የዓይኔን ቆብ በጣቷ ትገልጠዋለች። መልሼ ብጨፍነው መልሳ ትገልጠዋለች። አንድ ቀን ተናድጄ ስልኬን ከፈትሁና ፊቷ አስቀመጥሁት። ፊደላት እጅና እግር አውጥተው የሚጨፍሩበት የሕፃናት ዘፈን ነበር። ዓይኔን ተወችኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ስነቃ ካስቀመጥኋት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ሽንቷ ከሥሯ ደርቋል፤ ገንፎዋ እንደተሸፈነ ነው። እኔ ያን አይቼ ምን አልሁ? ጨዋ ልጅ አልሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ለመናገር ስለራሴ ትንሽ ማውራት አለብኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ያደግሁት ቆጋ አካባቢ ነው፤ አሁን መስኖ ገብቶ ስንዴና ድንች ይታፈስበታል፣ ያኔ ግን ሰማይ ሰማይ እያየን ነበር የምንኖረው። አባቴ ከልጆቹ አንዱን ብቻ ትምህርት ቤት ላከ፤ እኔን አይደለም። ባሕር ዳር ገብቼ ዓመታት ሙሉ ደመወዜን በአውራ ጣቴ ፈረምሁ። ቀለሙ ከጣቴ እስኪለቅ እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር የምሄደው። ኋላ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ከአንደኛ ክፍል ልጆች ዴስክ ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ አልገባ ስላለኝ በጎን ተቀምጬ ነበር የምጽፈው። ማንበብ ቻልሁ። ከማንበቡ ጋር ግን ሌላ ነገር አብሮ ገባብኝ፤ ፊደልን ማምለክ ጀመርሁ። ፊደል ያለው ሁሉ እውቀት፣ ፊደል የሌለው ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። ያልተማረችውን እናቴን እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በልቤ ናቅኋት።

እንግዲህ ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት "ኤ፣ ቢ፣ ሲ" ስትል፣ ቀዩን ቀይ ቢጫውን ቢጫ እያለች በእንግሊዝኛ ስትጠራ ልቤ ቀጥ ልትል ደረሰች። እኔ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ያገኘሁትን እሷ ዳይፐሯን ሳታወልቅ አገኘችው። ስልኩ አስተማሪ ሆነ። እኔ መተኛቴ ደግሞ ልጅ ማስተማር ሆነ።

ስለዚህ በልጄ መኩራት ጀመርሁ። የምንኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉ የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ነው፤ ግቢው የአንዲት ትልቅ ሴት ነው፣ እትየ እንላቸዋለን። ሰንበት ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተከራዩ ሁሉ ይሰበሰባል። ልጅቱን መሀል አቁሜ ስልኩን እከፍትላታለሁ፤ እሷ ትለፈልፋለች፤ ሰው ያጨበጭባል። አንድ ሰንበት ከዳር ያለችውን ክፍል የተከራዩት መሪጌታም አብረውን ነበሩ። በሐይቁ ደሴት ካለ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን በጀልባ እየወጡ ከእኛ ግቢ ያድራሉ። እሳቸው አላጨበጨቡም። "ነይ እስቲ የኔ ልጅ" አሏት። ዞር አላለችም። በስሟ ጠሯት። እጃቸውን አጨበጨቡ። ዓይኗ ከስልኩ አልተነሳም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ውኃ ሲጠማት ምን ትላለች ብለው ጠየቁኝ።

ምንም አትልም፤ እጄን አንጓው ላይ ይዛ እንደ ዕቃ እየጎተተች ማሰሮው ዘንድ ትወስደኛለች አልሁ፤ እየሳቅሁ ነው ያልሁት፣ ብልህነት መስሎኝ።

"ፊደሉ ይቆይ" አሉኝ። "እኛም ዘንድ የሚቀድመው የቃል ትምህርት ነው፤ መጽሐፉ የሚገለጠው ኋላ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ አፏን ትፍታ።"

"አፏንማ ፈታች፣ የኔታ። በእንግሊዝኛ ነው የፈታችው።"

ግቢው ሳቀ። መሪጌታም ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልበቃኝም፤ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው ቀንተው ነው ብዬ አማኋቸው። አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚለውን ከጎልማሶች ክፍል ሰሌዳ ላይ ገልብጬ ጽፌዋለሁ፤ አስተማሪው አርሞልኝ "ጎበዝ" ብሎኛል። አንብቤዋለሁ እንጂ አልሰማሁትም።

ባለቤቴ እንደኔ ሞኝ አልነበረችም። ልጅቱ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ እስካሁን እማ አላለችኝም አለች። የእህቷ ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ጎረቤት እስከ ማማት ትናገር እንደነበር ነገረችኝ። ቀን ስልክ እንዳልሰጣት ለመነችኝ። እሺ አልሁ።

እሺ ብዬ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሰዓት መቁጠር ተማርሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኩን እነጥቃታለሁ። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቷ ስትገባ ደክሟት ጥግ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ምን ሆኖ ነው የቀላው ስትለኝ ወድቃ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ሰዓት ልታይ ስልኬን አነሳች። የጋለ ዳቦ ነው የሚመስል። መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች፤ መልሳ አስቀመጠችው።  

ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት መዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግባት ሄድሁ። ጸጉሯን እናቷ ሌሊት ተነስታ ነበር የሠራቻት። መምህሯ ጎንበስ ብላ ስሟን ጠየቀቻት። ልጄ በመምህሯ ጎን አልፋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመምህሯን ስልክ አነሳች፤ አልከፈት ሲላት የመምህሯን ጣት ይዛ በስልኩ ላይ ጫነችው። መምህሯ መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ መሳቋን ተወች። በትሕትና፣ እኔን ሳታይ፣ ሐኪም ይያትና በሚመጣው ዓመት አምጧት አለችኝ።

አሁን ወደ ክፉው ሥራዬ ደረስሁ። ያን ዕለት ማታ ወደ ሥራ ልወጣ ስል እትየ በረንዳቸው ላይ ሁለት ሴት ተከራዮች ይዘው ተቀምጠዋል። ተመዘገበች ወይ አሉኝ። ባለቤቴ ከግቢው ቧንቧ ሥር ጀሪካን እየሞላች ነው፤ ከእኔ ዐሥር እርምጃ አትርቅም። እኔም፣ "ምን ትመዘገባለች! እናቷ ናት ያበላሸቻት። እረፍት በሆነች ቁጥር ስልክ ታስይዛትና እሷ ትተኛለች" አልሁ።

የራሴን ኃጢአት ምንም ሳላጎድል፣ ባለቤቱን ብቻ ቀይሬ ተናገርሁ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴ ቧንቧውን ዘጋች፤ ጀሪካኑ ገና ግማሽ ነበር። ግማሹን ይዛ ገባች።

ሐኪም ቤት ሁለታችንም ሄድን፤ እሷ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ። በመጀመሪያ ጆሮዋን አዩዋት፤ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪሟ ዘንድ ገባን። ወጣት ናት፣ አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው። ቀን ልጅቱ ከማን ጋር እንደምትውል ጠየቀች፤ ከእኔ ጋር አልሁ። ስልክ ታያለች ወይ አለች፤ አልፎ አልፎ አልሁ። አልፎ አልፎ ስንት ነው አለች።

"ግፋ ቢል አንድ ሰዓት።"

ጻፈችው። በእንግሊዝኛው መሀል አንድ የምትለዋን ቁጥር ለይቼ ተገልብጣ አነበብኋት። ውሸቴ በወረቀት ላይ ተቀምጣ ነበር። ማንበብ በመቻሌ ያዘንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ዘንድ መፈለግ አለብን አለች ሐኪሟ፤ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ምርመራ ልትጽፍልን እንደምትችል ነገረችን። ባለቤቴ ወለሉን ታያለች። ሐኪሟ ወረቀቱን ከመሙላቷ በፊት ግን ስልኬን ለልጅቱ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ልጄ ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ጠረገች፤ የምትፈልገውን ከብዙ ሥዕል መሀል መረጠች፤ ማስታወቂያ ሲመጣ የሚዘለልበት ቦታ ገና ሳይታይ ጣቷን እዚያ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ጣቷ መሰከረብኝ።

"አባት" አለችኝ ሐኪሟ፣ "እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ከዋሹኝ ግን የሌለ በሽታ ስፈልግ የልጅቱ ጊዜ ያልቃል።"

አፌ ተከፈተ። የወጣው ቃል "እናቷ" የሚል ነበር። ባለቤቴ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እስከ የት እንደምሄድ ለማየት የምትጠብቅ ሰው ነው የምትመስል።

"እናቷ የለችም" አልሁ። "እሷ ሥራ ናት። እኔ ነኝ። እናቷ ከወጣች እስክትገባ ነው የማሳያት።"

ሐኪሟ ያችን አንድ ሰርዛ ሌላ ቁጥር ጻፈች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም በስልኩ የመጣ ነው ብላ እንደማትምል፣ ያለ ስልክም አፋቸው የሚዘገይ ልጆች እንዳሉ፣ እየተከታተለች እንደምታያት ነገረችን። ቀጥላ ግን ስልኩ የወሰደባት ዓይኗን ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያናግራትን ሰዓት ነው አለች። ስልኩን መንሳት ግማሹ ሥራ ነው፤ በስልኩ ቦታ እርስዎ ይግቡና ያውሯት አለችኝ።

ምን ብዬ ነው የማወራት አልሁ። ሐኪሟ የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። አልቀለድሁም። ሳበላት፣ ሳጥባት፣ ልብሷን ስቀይርላት አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ገና መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር ምን ይወራል?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት መጻፍ አልወድም። ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። ክንዴን ነክሳ አደማችው። ባዶ መዳፏን እያየች በአውራ ጣቷ ትጠርገዋለች። ይህን ሳይ ወጥቼ ከግቢው በር ሥር ቆምሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጋብ አለች፤ ቀትር ላይ መተኛትም ጀመረች፤ እሷ ስትተኛ እኔም አብሬያት እተኛለሁ፤ የቀረውን እንቅልፍ እናቷ እረፍት በሆነች ቀን እከፍለዋለሁ። ጧት ጧት ደግሞ በትከሻዬ ተሸክሜ ሐይቁ ዳር እወስዳታለሁ። ይህ ደንገል ነው እላታለሁ። ይህ ታንኳ ነው፤ ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራ። ይህ ዓሣ ቆሮሶ፣ ይህ ባለ ጢሙ አምባዛ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጠገኑ ይሰሙኛል።

"ዘበኛው፣ ሌሊት ሌሊት ከጀልባ ጋር ስታወራ ለመደብህ እንዴ?" አለኝ አንዱ።

"ተወው" አለው ጓደኛው፣ "ለምርጫ ሊወዳደር ቅስቀሳ እየተለማመደ ነው።"

ጆሮዬ ጋለ፤ ግን ቀጠልሁ። አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ደንገል። ልጄ ዓሣውን ታያለች፣ እኔን አታይም። ከብዙ ቀን በኋላ እኔንም ማየት ጀመረች። አፌን ነበር የምታየው።

ከጀመርን ሁለት ወር ሳይሆነን አይቀርም። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ቆመናል። የዓሣ አንጀት የለመደ ውሻ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እያየ ይጮኻል፤ እነሱ ረጅም መንቁራቸውን አንጠልጥለው ንቅንቅ አይሉም። ልጄ ከትከሻዬ ወርዳ ውሻው ፊት ሄደች። ቅንድቧን ቋጠረች፣ ጣቷን ቀሰረች፣ ድምፅዋን አወፈረች።

"ዝም!" አለችው።

ውሻው እውነትም ዝም አለ። አጥማጆቹ በሳቅ ወደቁ። "ቁርጥ አባቷን!" አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ብድግ አድርጌ ወደ ላይ ወረወርኋት፤ ተናገረች ተናገረች አልሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ግማሽ ላይ ነው የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስንት ስም ለቅሜላት፣ የያዘችው አንዱንም አይደለም። ቅንድቡ የእኔ ነው። ጣቱ የእኔ ነው። የስልኩ ባትሪ አልቆባት ስትጮኽ፣ ዓይኔን በጣቷ ስትነካኝ፣ አልጋው ላይ ልትወጣ ስትሞክር፣ ራሴን ከትራስ ሳላነሳ የምላት ይህንኑ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን ከእኔ አፍ ወደ እሷ ጆሮ የሄደ ቃል እሱ ብቻ ነው። እሷም ቃሉን አልጣለችውም፤ እስከ ወጉ፣ እስከ ቁጣው አስቀምጣ አቆየችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ቃል መጥቷል። አሁን አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል አያይዛ ትናገራለች፤ ከእኩዮቿ ኋላ ናት፤ ሐኪሟም ገና አልለቀቀቻትም። እማ የሚለውም መጥቷል። ያን ቀን ግን የነበረው አንዱ ነው።

ባለቤቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ ልጅቱ ዛሬ ተናገረች አልኋት። ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

"ምን አለች?"

"ውኃ" የሚል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። "እማ" የሚልም ነበር፤ ያን ብላት ደስታዋን አይ ነበር።

"ዝም አለች" አልሁ። "ዝም ብላ ሳይሆን፣ ዝም የሚለውን ቃል።"

ቁጭ አለች። ከማን ሰማችው ብላ እስክትጠይቀኝ አልጠበቅሁም፤ ከእኔ ነው አልኋት። ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን በጣቷ ስታበጥር ቆየች። ስትናገር እኔን አላየችኝም።

"ለሐኪሟ ተናገርህ። ለእኔም ተናገርህ። ለግቢው ያልኸው ግን አሁንም ግቢው ውስጥ ነው።"

ወጣሁ። እትየ ምስር እየለቀሙ ነው፤ ሁለቱ ሴቶችም አሉ፤ መሪጌታ ከጀልባ ወርደው ገና ከረጢታቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነው የተናገርሁት። ያን ቀን ባለቤቴ ልጇን በስልክ አበላሸቻት ብዬ ነበር፤ ውሸት ነው፤ ቀን ቀን ስልክ እያስያዝሁ የተኛሁት እኔ ነኝ አልሁ። 

እትየ ምስራቸውን መልቀም አላቆሙም።

"ይህንማ እናውቃለን" አሉኝ።

ከማን ሰማችሁ አልሁ።

"ከግድግዳው ነዋ። እኛ ቀን የት እንሄዳለን? ያ የፈረንጅ ዘፈን ጧት ይነሳል፤ ባለቤትህ ልትመጣ ስትል ጸጥ ይላል። በመሀል አንተ ታንኮራፋለህ።"

"ታዲያ ያን ቀን እሷን ስወቅስ ለምን አልተናገራችሁኝም?"

"እሷ ቻል አድርጋ ዝም ስትል እኛ ምን አፍ አለን፣ ልጄ?"

መሪጌታ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥሁም። እኔ ይህን ነገር የምናውቀው ሁለት ነን ብዬ ነበር የኖርሁት፣ እኔና ስልኬ። ለካ በሩን ከፍቼ በወጣሁ ቁጥር የሚያየኝ ሰው ሁሉ ያውቀኝ ነበር።

ስዞር ባለቤቴ በራችን ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ከፊቷ ላይ እፎይታ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ካፖርቴን አቀበለችኝ። በበረንዳው ሥር ሳልፍ እትየም ሴቶቹም "ደህና እደር" አሉኝ፤ ልክ እንደ ትናንቱ፣ ልክ እንደ አምናው፣ አንድም ሳይጨምሩ አንድም ሳይቀንሱ።